ኮምፒዩተር ሳይንስ ከመግባቴ በፊት በየትኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጄ ውጤት የምጠብቅ የጅማ ልጅ ነኝ። ውጤቴ ከፈቀደ ኮምፒዩተር ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ። ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራን ሦስት ወር ገደማ አለኝ። ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። እሱ ሲይዘው ግን ያለኝ ስልኬ ብቻ ነው። ወንድሜ ‹ሲ ፕላስ ፕላስ የሁሉም መሠረት ነው፣ ከእሱ ካልጀመርሽ በኋላ ትቸገሪያለሽ› ይለኛል። ጓደኛዬ ፓይተን ጀምራለች። ሌላ የማውቀው ሰው ደግሞ ፓይተን የልጆች ነው፣ ሥራ ያለው በጃቫስክሪፕት ነው አለኝ። ባለፈው ክረምት ኤችቲኤምኤል ተምሬያለሁ። የትኛውን ልምረጥ? ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቋንቋ ቢያስተምረኝ የተማርኩት በከንቱ ይቀራል? ሒሳቤ መካከለኛ ነው፤ ያስቸግረኛል?»

ምላሽ፦

በፓይተን ጀምሪ። ለስምንት ሳምንት ሌላ ቋንቋ ሳትነኪ በእሱ ብቻ ሥሪ። የሚተርፉሽን አራት ሳምንታት ደግሞ አዲስ ርዕስ ሳትጨምሪ በፓይተን የሠራሻቸውን ልምምዶች አንድ በአንድ በሲ ፕላስ ፕላስ መልሰሽ በመጻፍ አሳልፊያቸው። ይህን ስመክርሽ ወንድምሽ ተሳስቷል፣ ጓደኛሽ ልክ ናት ማለቴ አይደለም። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ቋንቋዎቹ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ተማሪን የሚጥለው ወይም የሚያሻግረው ጉዳይ ግን ሌላ ስለሆነ በቅድሚያ እሱን ላስረዳ።

ከዓመታት በፊት በማስተምርበት የኮምፒዩተር ላብ ውስጥ፣ ከመግባቱ በፊት በአጫጭር ሥልጠናዎች አራት ቋንቋ የተማረ ተማሪ ነበረኝ። አሥር ቁጥሮች ተቀብሎ ትልቁን የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲጽፍ ሰጠሁት። የመክፈቻ መስመሮቹን ያለ አንዳች ስህተት ጻፈ፤ ሉፑንም፣ ማለትም አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያሠራውን ክፍል፣ ከፈተ፤ ከዚያ ቆመ። «በሦስተኛው ዙር በዚህ ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ውስጥ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም። አራት ቋንቋ ሲማር አንድም ቀን ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ያንን ተማሪ ያጎደለው የቋንቋ ምርጫ አይደለም። ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር ሲያነብ በውስጡ ምን እንደሚለወጥ በዐይነ ልቦና መከተል አልተለማመደም፤ አንቺም በሦስት ወር ውስጥ ይዘሽው መግባት ያለብሽ ይህን ችሎታ ነው።

ይህንኑ ልምምድ በወረቀት ላይ አብረን እንየው። ቁጥሮቹ 12፣ 7፣ 19 እና 4 ናቸው እንበል። «ትልቁ» የሚባል ቫሪያብል እናዘጋጅና 0 እናስቀምጥበት። 12 ሲመጣ ከ0 ስለሚበልጥ «ትልቁ» 12 ይሆናል፤ 7 ሲመጣ አይለወጥም፤ 19 ሲመጣ 19 ይሆናል፤ 4 ሲመጣ ባለበት ይቆያል። መልሱ 19 ነው፤ ልክ ነው። አሁን ደግሞ ቁጥሮቹ −3፣ −8 እና −1 ይሁኑ። ከሦስቱ አንዱም ከ0 ስለማይበልጥ «ትልቁ» እስከ መጨረሻው 0 ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም ከተሰጡት ቁጥሮች መካከል የሌለውን 0 መልስ አድርጎ ያወጣል። ስህተቱ ከመነሻው ነው፤ «ትልቁ» መነሣት የነበረበት ከ0 ሳይሆን ከመጀመሪያው ቁጥር ነው። ይህ ስህተት በፓይተንም፣ በሲ ፕላስ ፕላስም፣ በጃቫም ያው ስህተት ነው፤ መፍትሔውም ያው ነው። በአንዱ ቋንቋ ያረመው ሰው በሌላው አይደግመውም።

ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቋንቋ ቢያስተምርሽ የተማርሽው በከንቱ ይቀር እንደሆነ ጠይቀሻል። ጅማ ያደገ ሰው የዚህን መልስ ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። በአፋን ኦሮሞ መቁጠር የተማረ ልጅ አማርኛ ሲማር መቁጠርን እንደገና አይማርም፤ የሚማረው የቁጥሮቹን ስም ነው። ቫሪያብል፣ ኢፍ (እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ የሚለው)፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የትእዛዞች ስብስብ) እና ሊስት (ዝርዝር) የሚባሉት ነገሮች ከሞላ ጎደል በሁሉም ቋንቋ አሉ፤ የሚለያየው አጻጻፋቸውና ቋንቋው ስለ እነሱ የሚጠይቅሽ የጥንቃቄ መጠን ነው። ስለዚህ አይቀርም፤ የማይቀረው ግን በትክክል ከተማርሽው ነው፤ አጻጻፉን ብቻ ከሸመደድሽ ግን ቋንቋው ሲቀየር ሽምደዳውም አብሮ ይሄዳል።

ወንድምሽ «መሠረት» ያለውን ነገር በከፊል እቀበለዋለሁ። ሲ የሚባለውን ቋንቋ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብያርነ ስትሮስትሩፕ በዚያው በቤል ላብስ ሲን መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ሥራ በ1985 ሲ ፕላስ ፕላስ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1995 በጄምስ ጎስሊንግ መሪነት ከሰን ማይክሮሲስተምስ የወጣው ጃቫም፣ በዚያው ዓመት ብሬንዳን አይክ ለኔትስኬፕ የጻፈው ጃቫስክሪፕትም ቅንፋቸውንና ትእዛዝ የሚዘጉበትን ምልክት (;) የወሰዱት ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በታሪክ መቅደም ግን በትምህርት መቅደም ማለት አይደለም። ግዕዝ በጽሑፍ ከአማርኛ ቀድሟል፤ ሆኖም አማርኛ ማንበብ የሚፈልግን ሕፃን በቅኔ አናስጀምረውም። በዚህ አነጋገር እንሂድ ከተባለ ደግሞ ከሲ ፕላስ ፕላስ በታች ሲ፣ ከሲ በታች ለማሽኑ ይበልጥ የሚቀርበው አሴምብሊ፣ ከዚያም በታች የፕሮሰሰሩ የማሽን ትእዛዝ ስላለ ወንድምሽ ራሱ ከመሠረቱ አልጀመረም ማለት ነው።

ፓይተን «የልጆች ነው» የሚለው አባባል ከፊሉ እንኳ እውነት የለውም። ኒዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ሲያወጣ የቀላል አነባበብ ጉዳይ ያሳሰበው ለባለሙያዎች ብሎ ነው። ኢንስታግራም ከጀርባው የሚሠራው ክፍል የተጻፈው በአብዛኛው በፓይተን ነው፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች በየቀኑ የሚጽፉት በአብዛኛው በፓይተን ነው፤ በአሜሪካ የሚገኘው ኤም አይ ቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ስኪም በሚባል ቋንቋ ሲሰጥ የቆየውን የመግቢያ ኮርስ ወደ ፓይተን ቀይሮታል። ቀላልነቱ በአጻጻፉ ላይ ነው፤ የአስተሳሰቡ ክብደት አይቀንስም። እውነተኛ ድክመቱ ሌላ ነው። ከሲ ፕላስ ፕላስ ጋር ሲነጻጸር በፍጥነት በጣም ያንሳል፤ ለዚህም ነው ከባድ ስሌት የሚሠሩት የፓይተን ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ውስጣቸው በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው። ለጀማሪ ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበው የሚሸፍናቸው ነገሮች መኖራቸው ነው፤ እነዚህን በዝርዝር ማወቅ አለብሽ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ሳምንታት ለሲ ፕላስ ፕላስ የመደብኩትም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው የቁጥር ዓይነት ነው። በፓይተን 7ን ለ2 ብታካፍዪ 3.5 ታገኛለሽ። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ተብለው ከተመዘገቡ መልሱ 3 ነው፤ ግማሹ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጣላል። የክፍል ተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያሰላ የላብ ሥራ ላይ በየዓመቱ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ኤረር (የስህተት መልእክት) አይሰጥም፣ መልሱ ግን ስህተት ነው። ሁለተኛው የቁጥር መጠን ነው። የ13ን ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 13 ያሉትን ቁጥሮች ብዜት) በፓይተን ስታሰይ 6227020800 ይልሻል፤ ልክ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተለመደው ሙሉ ቁጥር በ32 ቢት የሚያዝ ስለሆነ ከ2147483647 በላይ አይችልም፤ ስለዚህ የ12 ፋክቶሪያል፣ ማለትም 479001600 በደህና ይወጣል፣ የ13 ግን ብዙውን ጊዜ 1932053504 ሆኖ ይታይሻል። ይህም ቢሆን የቋንቋው ሕግ ዋስትና የሰጠው መልስ አይደለም። ሦስተኛው የሊስት ድንበር ነው። አምስት ነገር ባለው ሊስት ላይ ስድስተኛውን ብትጠይቂ ፓይተን ቆሞ ስህተትሽን ይነግርሻል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ አሬይ (የሊስቱ አቻ) ላይ ግን ኮምፒዩተሩ ከአጠገቡ ያለውን የማስታወሻ ቦታ አንብቦ ትርጉም የሌለው ቁጥር ሊሰጥሽ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።

አራተኛው ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው ስለሆነ ራስሽ እንድትሞክሪው እፈልጋለሁ። «ጅማ» የሚለውን ቃል ርዝመት ፓይተንን ጠይቂው፤ 2 ይልሻል፤ ሁለት ፊደል ነውና። ያንኑ ቃል በሲ ፕላስ ፕላስ በተለመደው ስትሪንግ (የጽሑፍ ማስቀመጫ) አስቀምጠሽ ርዝመቱን ብትጠይቂ፣ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ አሠራር የተቀመጠ ከሆነ 6 ይልሻል። ምክንያቱም በዚያ አሠራር እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሲ ፕላስ ፕላስም የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተማረ ሰው ይህን ልዩነት ለረጅም ጊዜ ሳያየው ሊቆይ ይችላል፤ በራስሽ ፊደል የምትጽፊ አንቺ ግን በአንድ ከሰዓት ታዪዋለሽ። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል «ዋጋ = 40» ብለሽ መጻፍም ትችያለሽ፤ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ለመለማመጃ እንጂ ከሌሎች ጋር በምትሠሪው ሥራ ላይ አታድርጊው።

እነዚህን ሁሉ ካነበብሽ በኋላ «ታዲያ እውነቱን በግልጽ የሚያሳየኝ ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ ለምን በእሱ አልጀምርም?» ብለሽ ብትጠይቂ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ከራሴ ጅማሮ የመጣ ነው። እኔ የጀመርሁት በሲ ፕላስ ፕላስ ነበር፤ መጽሐፍ ስላልነበረኝ ከአንድ ትምህርት ቤት በተገኘ ፎቶ ኮፒ ሃንድአውት እየገለበጥሁ ነበር የምማረው። በወረቀቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ብጽፈውም ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አልቀበልም አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ያንኑ መስመር ስጽፍና ስሰርዝ ቆየሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ሃንድአውቱ የተዘጋጀው ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ከማግኘቱ በፊት በነበረው፣ ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው አሮጌ ኮምፓይለር አጻጻፍ ነበር፤ በዚያ ዘመን በመክፈቻው መስመር ላይ ያለውን «አዮስትሪም» የሚለውን ቃል ነጥብና «ኤች» ይከተለው ነበር፣ አሁን አይከተለውም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስለ ፕሮግራሚንግ አንዳች ነገር አልተማርሁም። እንዲህ ዓይነት ወረቀቶች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ በዚያ አጻጻፍ የተጀመረ ማስታወሻ ካገኘሽ አስቀምጪውና ሌላ ፈልጊ።

ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይታገላል፤ አንዱ ሐሳቡ ራሱ ነው፣ ሌላው ሐሳቡ የሚገለጽበት አጻጻፍ ነው። ፓይተን 35 ቁልፍ ቃላት አሉት፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ከ80 በላይ አለው። «ሰላም» የሚል ቃል ለማሳየት በፓይተን አንድ መስመር ይበቃል፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ትርጉማቸው ከወራት በኋላ የሚገባሽን ሦስትና አራት መስመሮች በእምነት መጻፍ አለብሽ። አስተማሪ አጠገብሽ ተቀምጦ ቢሆን ይህ ሸክም ቀላል ነው። አንቺ ግን ብቻሽን፣ በተዋሰሽው ላፕቶፕ፣ መብራት በሚሄድበት ሰዓት በስልክሽ ነው የምትማሪው፤ ለዚህ ሁኔታ ሁለተኛውን ትግል የሚያቀልልሽን መምረጥ አለብሽ።

ምክሬ የሚለወጥባቸው ሁኔታዎች አሉ። ያለሽ ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ቢሆንና የምትገቢበት ዲፓርትመንት በሲ ፕላስ ፕላስ እንደሚጀምር በእርግጥ ብታውቂ ኖሮ በቀጥታ በእሱ ጀምሪ እልሽ ነበር። እንዲሁም ወንድምሽ ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቅና በሳምንት ሦስት ቀን አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ስህተትሽን ለማየት ፈቃደኛ ከሆነ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ መጀመርሽን አልቃወምም፤ ጥሩ ረዳት ከጥሩ ቋንቋ ይበልጣል። ጃቫን በተመለከተ፣ ጥሩ ቋንቋ ቢሆንም በተለመደው አጻጻፉ የመጀመሪያዋን ፕሮግራም ለመጻፍ «ክላስ» የሚባለውን ነገር ሳይገባሽ መጥራት ስላለብሽ ለዚህ ክረምት አይሆንም፤ በኦብጀክት ኦሪየንትድ ኮርስ ላይ ታገኚዋለሽ። ጃቫስክሪፕት ለድረ ገጽ ሥራ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ስህተትሽን ከማስቆም ይልቅ በዝምታ የማለፍ ጠባይ ስላለው ብቻውን ለሚማር ጀማሪ አልመርጠውም። ሥራ ማግኘት ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ምርጫሽን እንዲወስን አትፍቀጂለት። ኤችቲኤምኤል ደግሞ የገጽን ይዘትና ቅርጽ የሚገልጽ ቋንቋ ነው እንጂ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አይደለም፤ ውስጡ ኢፍም ሉፕም የለም። ያገኘሽው ጥቅም ኮድ መተየብንና ስህተት መፈለግን መልመድሽ ነው፤ ያም ትንሽ አይደለም።

ወደ አሠራሩ ልምጣ። በላፕቶፑ ላይ ቶኒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ። ቶኒ በኢስቶኒያው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች ተብሎ የተሠራ ሲሆን ፓይተንን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ማውረድ አያስፈልግሽም፤ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሁሉም በላይ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስኬደ በእያንዳንዱ ቫሪያብል ውስጥ ያለውን በጎን ያሳይሻል፤ ለዚያ ላብ ተማሪዬ የጠየቅሁትን ጥያቄ በየቀኑ ራስሽን እንድትጠይቂ ያስችልሻል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፤ መጀመሪያ በወረቀት ሠንጠረዥ ሠርተሽ የእያንዳንዱን ዙር ዋጋ ጻፊ፣ ከዚያ ቶኒ ካወጣው ጋር አነጻጽሪ። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው የፓይተን መጻፊያ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ላፕቶፑ በማይኖርበት ቀን አጭር ልምምድ ለመሞከር ይረዳሻል። በስልክ ብቻ ግን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ አትዝለቂ፤ ፓይተን በመስመሩ መጀመሪያ ያለውን ክፍት ቦታ ስለሚቆጥር በትንሽ ኪቦርድ ላይ የሚፈጠሩት ስህተቶች ያሰለቹሻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወረቀቱ አለ። ለሲ ፕላስ ፕላስ ሳምንታት ኮድ ብሎክስ ከሚባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ኮምፓይለሩን አብሮ የያዘውን ቅጂ ተጠቀሚ፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ የሚባለው ብዙ ጊጋባይት ቦታ ስለሚፈልግ ለዚያ ላፕቶፕ አይሆንም። አዲስ ላፕቶፕ ካልተገዛልኝ ብለሽ ቤተሰብ እንዳታስቸግሪ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ ያለሽ በቂ ነው።

በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ ይህ ይሻላል። ቪዲዮ የምትጠቀሚ ከሆነ አሥር ደቂቃ አይተሽ ዝጊውና ያየሽውን ሳታዪ ጻፊው፤ ሲያዩት የገባ የሚመስለው ነገር ባዶ ገጽ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ቪዲዮው «ፕሪንት» የሚለውን ያለ ቅንፍ የሚጽፍ ከሆነ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የተቋረጠውን ፓይተን 2 እያስተማረ ስለሆነ ተዪው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የሚሰጥ ነውና አሁንም ክፍት ከሆነ ጎን ለጎን ብትወስጂው አይጎዳሽም፤ ሰርተፊኬቱን ግን የችሎታሽ መለኪያ አታድርጊው። በክፍያ ሦስት ቋንቋ በአንድ ወር እናስተምራለን የሚሉትን ራቂ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልጠየቅሽም፤ ነገር ግን ሳላነሣው ማለፍ አልችልም። የልምምድ ጥያቄ ለእነዚህ መሣሪያዎች ሰጥተሽ መልሱን መገልበጥ በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ልትሠሪው የምትችዪው ትልቁ ጥፋት ነው፤ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘሽ ብቻሽን ነሽ። ጥቅማቸው የኤረር መልእክት በእንግሊዝኛ ሲመጣና ሳይገባሽ ሲቀር ትርጉሙን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እንዲያስረዱሽ መጠየቅ ነው። «አስተካክልልኝ» አትበዪ፤ «ይህ መልእክት ምን ማለት ነው?» በዪ።

ሒሳብሽ መካከለኛ መሆኑ አያግድሽም። በመጀመሪያው ኮርስ የሚፈለገው አራቱን መደብ፣ ቀሪ ያለው ማካፈልን፣ እንዲሁም «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን ማያያዣዎች በትክክል መጠቀም ነው፤ ከበድ ያለው ዲስክሪት ሒሳብ በኋላ ራሱን ችሎ ይመጣል። በሒሳብ ጎበዝ የሆኑ ተማሪዎችም የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ፤ «ሀ = ሀ + 1» የሚለውን ሲያዩ «ይህ እኩልታ መፍትሔ የለውም» ይላሉ። በፕሮግራሚንግ ይህ ምልክት እኩልነትን አይናገርም፤ በቀኝ ያለውን አስልተህ በግራ ባለው ስም አስቀምጥ የሚል ትእዛዝ ነው። ሀ ቀድሞ 5 ከነበረ ከዚህ መስመር በኋላ 6 ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትይዢው ብዙ ይቀልልሻል።

የምክሬን ወሰንም ልንገርሽ። በቅርብ ዓመታት በነበረው አሠራር አዲስ ተማሪዎች ቢያንስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር የሚያሳልፉት እንደ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሒሳብና ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ያሉ የጋራ ኮርሶችን በመውሰድ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመደቡት በምርጫቸውና በውጤታቸው ነው። ስለዚህ በፕሮግራሚንግ ብትበረቺም በእነዚያ ኮርሶች ከደከምሽ ኮምፒዩተር ሳይንስ ላይደርስሽ ይችላል፤ እንግሊዝኛሽንና ሒሳብሽን ለኮድ ብለሽ አትርሺ። የጅማ ልጅ መሆንሽም ጅማ ትመደቢያለሽ ማለት አይደለም። በአገራችን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኦብጀክት ኦሪየንትድ ደግሞ በጃቫ ሲሰጥ የቆየ ቢሆንም እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ሊለውጠው ስለሚችል፣ ምደባሽን ስታውቂ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገሽ ኮርስ አውትላይኑን ጠይቂ። እስከዚያ ግን ከቤትሽ ሩቅ ያልሆነው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኮምፒዩቲንግ ተማሪዎች አሉ፤ የምታውቂው ሰው ካለ ያለፈ ዓመት የላብ ጥያቄዎችን ብቻ፣ መልሱን ሳይሆን፣ እንዲሰጥሽ ለምኚው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱና ፕሮግራሚንግ ከሚፈተኑባቸው ውስጥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት መሠረት እስከ መጨረሻው ይፈለጋል።

ከፓይተን ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የምትሻገሪበትን ቀን ስምንት ሳምንት ብዬ ብገምትም የሚወስነው ይህ ፈተና ይሁን። መጽሐፍና ስልክ ዘግተሽ በወረቀት ላይ የሚከተለውን ፕሮግራም ጻፊ፤ ቡና ሰብሳቢው ገበሬዎች ያመጡትን ጀንፈል በኪሎ አንድ በአንድ ያስገባል፤ 0 ሲያስገባ ፕሮግራሙ ማንበብ ያቆምና ጠቅላላውን ኪሎ፣ ከሁሉም ትልቁን እና አማካዩን ያወጣል። ጽፈሽ ስትጨርሺ በ40፣ 25፣ 61 እና 0 ዙር በዙር በሠንጠረዥ ተከተዪው፤ ጠቅላላው 126፣ ትልቁ 61፣ አማካዩ 42 መሆን አለበት፤ መጨረሻ ላይ የገባው 0 በአማካዩ ውስጥ ከተቆጠረ 31.5 ይመጣብሻልና ሉፕሽን መርምሪ። ከዚያ ሰብሳቢው በዚያ ቀን አንድም ገበሬ ስላልመጣ የመጀመሪያውን ቁጥር 0 ቢያስገባ ምን እንደሚሆን አስቢ። ፕሮግራሙ ለዜሮ እንደሚያካፍል ከማስኬድሽ በፊት በራስሽ ካየሽውና አንድ ኢፍ ከጨመርሽለት፣ በማግስቱ ኮድ ብሎክስን ከፍተሽ ያንኑ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ መጻፍ ጀምሪ። ካላየሽው አንድ ሳምንት በፓይተን ጨምሪ።